እናትየው ታውቃለች፤ ያጣችው ጊዜ ነው

በትላልቅ እርሻዎች ላይ የሚሠሩ ሰዎች ልጆች ለምን ይቀነጭራሉ፣ ማለትም በምግብ እጥረትና በበሽታ ብዛት ለምን ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው ይቀራሉ ተብሎ ሲጠየቅ ቶሎ የሚመጣው መልስ «እናቶቹ ግንዛቤ የላቸውም» ነው። ከዚያ ስልጠና ይዘጋጃል፣ ፖስተር ይለጠፋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ አበቃ። እኔን ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል።

እስቲ የእናትየዋን ቀን እንየው። ሻይ የምትለቅም ወይም አገዳ የምትቆርጥ ሴት ብዙ ቦታ የሚከፈላት በኪሎ ወይም በኮታ ነው። ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፤ ማሳው ከቤቷ ሩቅ ነው፣ ጡት ለማጥባት ደርሳ ልመለስ ካለች ኮታው ይጎድላል፣ ኮታው ከጎደለ ክፍያዋ ይቀነሳል፣ ክፍያዋ ከተቀነሰ ደግሞ ማታ የሚበላው ነገር ይቀንሳል። የቱን ትምረጥ? ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ የእናት ጡት ብቻ ይጥባ የሚለውን ምክር ሰምታዋለች። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው የእናቶች ስምምነት የሚያስቀምጠው ዝቅተኛው የወሊድ ፈቃድ ግን 14 ሳምንት ነው። ሦስት ወር ከምናምን። የቀን ሠራተኛ ሆና እሱንም ካገኘች እድለኛ ነች።

ከስድስት ወር በኋላ ነገሩ ይብሳል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፣ አንዴ አጥግበውት የሚውል አይደለም። ዘጠኝ ወር ከሞላው ጀምሮ በቀን ሦስት አራቴ መብላት አለበት፣ መክሰስ ሳይቆጠር። ማነው የሚያበላው? ብዙ ጊዜ ታላቅ እህቱ ናት፣ እሷም ራሷ ልጅ ናት። ጠዋት የተሠራ ቀጭን ገንፎ ሙቀት ላይ ይውላል። ውሃ ስለበዛበት ሆዱን ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም፤ ሲቆይ ደግሞ ተህዋስ ይራባበታል። ከዚያ ተቅማጥ ነው። ተቅማጥ የበላውን ያስወጣል፣ የምግብ ፍላጎቱንም ይዘጋል፣ ትንሽ ሲያገግም ደግሞ ይደገማል። ንጹህ ውሃና ሽንት ቤት በሌለበት ሰፈር ይሄ ማለቂያ የለውም።

ሌላው የሚገርመኝ ነገር «እነሱ እኮ ዘራቸው አጭር ነው» የሚለው ወሬ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ልጆችን ለክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የእድገት መለኪያውን አውጥቷል። በደንብ የተመገቡና ጤናቸው የተጠበቀ ሕፃናት፣ የትም ይወለዱ የት፣ እስከ አምስት ዓመታቸው በጣም ተቀራራቢ በሆነ መጠን ነው የሚያድጉት። ችግሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ ከቀነጨረ የቀነጨረ ልጅ አይታይም። የከሳ ልጅ ያስደነግጣል፤ አጭር ልጅ ግን እየሮጠ ስለሚጫወት ማንም ልብ አይለውም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የዓለም ሕፃናት 148 ሚሊዮኑ የቀነጨሩ ነበሩ፣ የቀጨጩት፣ ማለትም ከቁመታቸው አንጻር በጣም የከሱት ደግሞ 45 ሚሊዮን።

እርሻ ላይ ሆኖ መራብ ግራ ያጋባል አውቃለሁ። ግን የሚመረተው ሻይ ነው፣ አበባ ነው፣ ስኳር ነው፤ ልጅ አያሳድግም። ቤቱም መሬቱም የአሠሪው ከሆነ ጓሮ ውስጥ ጎመን መትከልም ፈቃድ ይፈልጋል። ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወቅት በዱቤ ይበላል፣ ምርት ሲደርስ ክፍያው ለዱቤው ይሄዳል። ከሌላ አካባቢ የመጡ ከሆነ ደግሞ እዚያ ያለ ጤና ጣቢያ የኔ ናቸው አይላቸውም፣ የመጡበትም ረስቷቸዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ የምለው ማሳው አጠገብ የሕፃናት ማቆያ ነው፤ ትኩስ ምግብ የሚበስልበት፣ እናቶች ክፍያቸው ሳይቀነስ ወጣ ብለው የሚያጠቡበት። አዲስ ሐሳብም አይደለም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣችው የእርሻ ሠራተኞች ሕግ 50 ሴቶችና ከዚያ በላይ የሚሠሩበት እርሻ ማቆያ እንዲኖረው ያስገድድ ነበር። ሕግ ወረቀት ላይ ስላለ ብቻ ግን ልጅ አይጠግብም፤ በሩ የተቆለፈ ክፍልም ማቆያ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ እርሻ የሚጎበኝ ተቆጣጣሪም ሆነ ምርቱን የሚገዛ ድርጅት ቢሮ ቁጭ ብሎ ፋይል ከማገላበጥ፣ ሥራ በሚበዛበት ወቅት እኩለ ቀን ላይ ማቆያው ድረስ ሄዶ ድስቱን ከፍቶ ይይ። ስንት ልጅ አለ፣ ማን ያበላቸዋል፣ እናቶቹስ ለማጥባት ሲወጡ ከክፍያቸው ስንት ይቆረጣል ብሎ ይጠይቅ።