ታንኳው ታስሯል

ሆስፒታል አዳር ስገባ የተረኞች ርክክቡ ላይ ቀድሜ የምጠይቀው «የሚረበሽ አለ?» ብዬ ነው። የውስጥ ደዌ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ከተረበሸ ክፍሉ በሙሉ አይተኛም። ደም ሥሩ ላይ የተተከለለትን ቱቦ፣ ካኑላውን፣ ይነቅላል፣ ከአልጋ ይወርዳል፣ ያገኘውን ይመታል። ከዚያ ጥበቃ ይጠራል፣ ፋሻ ይመጣል፣ እጅና እግር ይታሰራል።

እኔ ከፋሻው በፊት ጣት ወግቶ ስኳር መለካት ይቅደም ባይ ነኝ። ኢንሱሊኑን ተወግቶ «ጾም ነው» ብሎ ምሳውን ያለፈ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ሲሳደብ፣ ስኳሩ ሲለካ ከ70 በታች ወርዶ ይገኛል። 40 ፐርሰንት ግሉኮስ በደም ሥሩ ሲገባለት በደቂቃዎች ውስጥ ይመለስና «ምን ሆኜ ነው?» ይላል። ስድቡን አያስታውሰውም። እኔ ግን አስታውሰዋለሁ፣ ውሸት ምን ያደርጋል።

ከተኛ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን እጁ እየተንቀጠቀጠ ግድግዳው ላይ ትል የሚያይ ካለ ደግሞ ድንገት ያቋረጠው አረቄ እንዳለ መጠየቅ ነው። ታዲያ ቤተሰቡን ለብቻ ነጥሎ ነው፤ በሰው ፊት ከሆነ መልሱ «ኧረ እሱ አይቀምስም!» ነው። ከፎገራ ወይም ከደምቢያ በትኩሳት የመጣ ከሆነ ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ይሆናል። አንዳንዴም የሽንት ቱቦው፣ ካቴተሩ፣ ተደፍኖ ሽንት ወጥሮት ነው። መናገር ያቃተው ሽማግሌ ሌላ ምን ያድርግ?

ከሰሞኑ አንድ የዘጌ አባት በሳንባ ምች ተኝተው ነበር። ሌሊት ላይ ብድግ አሉ። የኦክስጅን ጭንብላቸውን አውልቀው «ልቀቁኝ፣ ታንኳዬን ውኃ ሊወስደው ነው!» ይላሉ። የደማቸውን ኦክስጅን ጣታቸው ላይ ስለካ ወርዶ 82 ፐርሰንት ነው። ጭንብሉን ልመልስ ስል ክንዴን ጠምዝዘው ገፈተሩኝ። ያ ሁሉ ጉልበት ከየት እንደሚመጣ እንጃ። ጥበቃው ፋሻውን ይዞ ደረሰ። «አባባ፣ እዚህ ምን ታንኳ አለ?» ሲላቸው ጭራሽ ባሰባቸው። «ሌባ!» አሉት።

ኮሪደር ላይ ጋቢ ተከናንበው የተኙትን ባለቤታቸውን ቀሰቀስኩ። ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። የባላቸውን እግር ያዝ አድርገው፣

«አንቱ፣ ታንኳውን እኮ አስሬዋለሁ» አሏቸው።

«የት?»

«ከዋንዛው ሥር።»

«አጥብቀሽ?»

«አጥብቄ።»

ሽማግሌው ጋደም አሉ። ጭንብሉን ያጠለቁላቸውም ሴትዮዋ ናቸው። ቆየት ብዬ ስለካ 91 ደርሷል። ተረኛው ዶክተር ያዘዘው ማረጋጊያ መርፌ፣ ሃሎፔሪዶል፣ ሳይወጋ አደረ።

መርፌ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ራሱን ወይ ሌላውን ሊጎዳ የደረሰ ሰው አለ፤ ያኔ ይወጋል። ግን ትንፋሽ ያጠረውን ሰው «ዝም ይበልልን» ብሎ ዲያዜፓም የሚባለውን ማስተኛ መስጠት ያስፈራኛል፤ መድኃኒቱ ራሱ ትንፋሽ ይጫናል። የታሰረ ሰው ደግሞ ይብሱን ይታገላል፤ ፋሻው የላጠውን አንጓ ጠዋት የምናክመው እኛው ነን።

«ለክፎት ነው፣ ጠበል እንውሰደው» የሚሉ ቤተሰቦችም አሉ። አልጣላቸውም። ጠበሉን እዚሁ አምጡና እርጩት፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ እላለሁ። አብዛኞቹ ይስማማሉ።

የማይገባኝ የእኛ ነገር ነው። ሲመሽ «አስታማሚ ውጡ!» ብለን ታማሚው የሚያውቀውን ብቸኛ ፊት ከክፍሉ እናስወጣለን። ከዚያ በማያውቀው ሰው፣ በማያውቀው መብራት ተከቦ ሲደነግጥ «ተረበሸ» ብለን ቻርት ላይ እንጽፋለን። ወንድ ነርሶቹም ያሳዝኑኛል፤ «ጉልበት አለህ» እየተባሉ ከየክፍሉ ለትግል ይጠራሉ። ጥፊውንስ ማን ይቆጥረዋል? አንዷ ጓደኛችን «ደሞዙ ውስጥ ተካቷል» ትላለች።

አስታማሚ አብሮ ይደር ብዬ ለክፍሉ ኃላፊ ነገርኳት። «ለአንዱ ከፈቀድን ሁሉም ይገባል» አለችኝ። እሷም አልተሳሳተችም፤ አልጋዎቹ ተጠጋግተው መተላለፊያ እንኳ የለም። ለሚረበሽ ታማሚ አስታማሚ ብቻ የአዳር ካርድ ይሰጥ ብዬ በጽሑፍ አስገብቻለሁ። መልሱ ገና አልመጣም።