ኢናላፕሪልና ደረቁ ሳል

ዛሬም ያው ጥያቄ መጣ፦ «የግፊት መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ ጉሮሮዬን እየከረከረ ያስለኛል፤ ብርድ ይሆን?» መድኃኒቱ ኢናላፕሪል ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

ነገሩ ከኩላሊት ይጀምራል። ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ግፊቱ ሲቀንስ ወይም ሰውነት ጨው ሲያጣ ኩላሊት ሬኒን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። ሬኒን ጉበት የሠራውን አንጂዮቴንሲኖጅን የተባለ ፕሮቲን ቆርጦ አንጂዮቴንሲን 1 ያደርገዋል፤ በተለይ በሳንባ የደም ሥሮች ላይ ያለ ኢንዛይም ደግሞ ወደ አንጂዮቴንሲን 2 ይለውጠዋል። ኃይለኛው ይኼኛው ነው። በደም ሥር ግድግዳ ባለው ጡንቻ ውስጥ ካልሲየም እንዲጨምር ያደርጋል፤ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ሥሩ ይጠባል። ከኩላሊት በላይ ያለውን አድሬናል ዕጢም አልዶስቴሮን የሚባል ሆርሞን ያስመነጨዋል፤ ሶዲየም በሰውነት ይቀራል፣ ፖታሲየም በሽንት ይወጣል።

ኢናላፕሪል አንጂዮቴንሲን 2ን የሚሠራውን ያንን ኢንዛይም ያግዳል፤ ሥሩ ይላላል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ችግሩ ኢንዛይሙ ብራዲካይኒን የሚባለውን ንጥረ ነገርም የሚሰባብር መሆኑ ነው፤ ሳይሰባበር ሲከማች ያስላል። (የሳል ሽሮፕ መግዛት ከንቱ ወጪ ነው።) ሐኪም ኢንዛይሙን ወደማይነካ ሌላ የግፊት መድኃኒት፣ ወደ ሎሳርታን፣ ሲቀይረው ሳሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ግፊቱን መልሶ ያወጣዋል። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል!

ሁለቱም መድኃኒቶች አልዶስቴሮንን ስለሚቀንሱ ፖታሲየም በደም ውስጥ ሊጨምር ይችላል፤ ሲበዛ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል። ስለዚህ በተጀመረ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና ፖታሲየም ይመርመር። ለወገብ ሕመም ተብሎ ዳይክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ መደረብ፣ በተለይ ከሚያሸና መድኃኒት ጋር፣ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። እርጉዝ ሴት ሁለቱንም አትወስድም።