ደምቢያ ላይ ፕሮፔለሩ ቀጥ ሲል

በረራ የተማርኩት ውጭ አገር፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ይህን የማስቀድመው ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ ነው።

ኅዳር ነበር። በሴስና 172፣ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን፣ ብቻዬን ከጎርጎራ ወደ ጎንደር እየተመለስኩ ነው፣ ጣና ከኋላዬ ያብረቀርቃል፣ ከመሬት 3000 ጫማ ያህል ከፍ ብያለሁ። ለመውረድ ትሮትሉን፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል መቆጣጠሪያ፣ ሙሉ በሙሉ ቀነስኩና ቀዩን የሚክስቸር እጀታ እጄ እንደለመደው እስከ ጥግ ገፋሁት። ሚክስቸር ከአየር ጋር የሚቀላቀለውን ነዳጅ ይመጥናል፤ ሲገፋ ነዳጁ ይበዛል፣ ሲሳብ ያንሳል። ባሕር ዳርቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት አዘዞ ግን 2000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ያ ሁሉ ነዳጅ በደንብ አይቃጠልም። ሞተሩ ሁለቴ ተንገጫገጨና ጭጭ አለ።

ቀጥሎ የሠራሁት ስህተት ይብሳል። ደንግጬ መሪውን ወደ ራሴ ሳብኩት። ፍጥነቱ ወርዶ የስቶል ማስጠንቀቂያው፣ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሊያቅተው ሲል የሚጮኸው፣ መጮህ ጀመረ፣ እስከዚያ በነፋስ ሲዞር የነበረው ፕሮፔለርም ቀጥ አለ። በአየር ላይ ቆሞ አይቼው አላውቅም። መስታወቱ ፊት ሰያፍ ሆኖ ቆሟል፤ የተለጠፈበት ትንኝ ሳይቀር ይታያል። የሚሰማው የነፋስ ፉጨት ብቻ ነው።

አፍንጫውን ደፋሁት። 65 ኖት፣ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚህ ፍጥነት ይህ አውሮፕላን አንድ ሜትር ሲወርድ ዘጠኝ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። እኔ ግን ስስብ ከፍታ አባክኛለሁ፣ አዘዞ አይደረስም። ጤፉ የታጨደበት፣ ክምር የሌለበት ሰፊ ማሳ መረጥኩና ወደዚያ ዞርኩ። በእኛ ከፍታ የፍጥነት መለኪያው 65 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 75 ይጠጋል፤ መሬቱ እየሮጠ ሲመጣ እጄን እንደገና መሳብ አማረው። ከለከልኩት። ሞተሩን የነካሁት ማሳው ከተመረጠ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው የቆመ ፕሮፔለር አውሮፕላኑን እንደ ድንጋይ የሚጥለው ይመስለዋል። እንደውም እንዲህ ባሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ በነፋስ ከሚዞረው ይልቅ የቆመው ያነሰ ይጎትታል። ክፋቱ ሌላ ነው። እየዞረ ከሆነ ማግኔቶው (በሞተሩ ዙረት የሚሠራው የእሳት ብልጭታ ሰጪ) እሳት ስለሚሰጥ ነዳጁን ማስተካከል ሊበቃ ይችላል። ከቆመ ግን ሞተሪኖ የግድ ነው። ቁልቁል ተወርውሮ በነፋስ ማዞር ይቻላል ይባላል፣ ግን ከፍታ ይበላል፤ ባትሪ እያላችሁ አትሞክሩት።

ነዳጁን ለመዝጋት ሚክስቸሩን እስከ መጨረሻ ሳብኩ፣ ትሮትሉን በግማሽ ከፈትኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ፕሮፔለሩ እየከበደው ሁለት ዙር ዞረ። ማስነጠስ ሲጀምር ሚክስቸሩን ቀስ እያልኩ እስከ ግማሽ መለስኩ። ተነሣ! ታወሩን የጠራሁት ያኔ ነው። ማኮብኮቢያው በእጄ እስኪገባ ድረስም ትሮትሉን እስከ መጨረሻ አልመለስኩም።

አሁን ስወርድ ሚክስቸሩን በጥቂት በጥቂቱ ነው የምገፋው፣ የሞተሩን ድምፅ እየሰማሁ። በየወሩም ከአስተማሪ ጋር ወጥቼ ትሮትሉን ዘግተን ማሳ እንመርጣለን። ክረምት ላይ ግን የደምቢያ መረሬ ጭቃ ነው፣ የፊት ጎማ ይሰምጥበታል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም የአዘዞና ጎርጎራን መንገድ ከክንፌ ሥር አላርቀውም።