«ገና አልተረከብነውም»፦ ጉድጓድ ገብቼ ካሳ ያስከፈልኩበት መንገድ

በመንገድ ጉድጓድ ገብታችሁ ከተጎዳችሁ፣ ከሐኪም ቤት ቀጥላችሁ ወረዳ አትሂዱ። ወረዳ መሄድ ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ እዚያ የጀመረ ሰው ደብዳቤ ሲያመላልስ የሕጉ ጊዜ ስለሚያልቅበት ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የደረሰብኝ ነገር አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለሚኖር ሰው አዲስ አይደለም። የጎርፍ መውረጃው ክዳን የለም፤ ብረቱ ቆራሌው ጋ ከሄደ ቆይቷል። ማታ ከሚኒባስ ወርጄ ወደ ኮንዶሚኒየማችን ስገባ ዝናቡ ጉድጓዱን ሞልቶት ውሃው ከመንገዱ ጋር እኩል ሆኖ ነበር። የመንገድ መብራትም የለም። ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ በቀዶ ሕክምና ብረት ገባበት። ሥራዬ እንጨት ሥራ ነው፤ ቆሞ የሚሠራ።

ማስረጃ መሰብሰቡ ቀላል ነው። የሕክምና ማስረጃና ደረሰኝ ያዙ፣ ሲያወጧችሁ ያዩ ጎረቤቶችን ስም መዝግቡ። ጉድጓዱን በማግስቱ ፎቶ አስነሱት፤ ፎቶው ላይ ሰው የሚያውቀው ሕንፃ ወይም ሱቅ አብሮ ይታይ፤ አለዚያ «ይህ የትም ቦታ ሊሆን ይችላል» ይባላል። እኔን ትራፊክ ፖሊሱ «መኪና የለበትማ!» ብሎ ስለመለሰኝ በአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ አስመዘገብኩ። መኪና ካልነካችሁ የሦስተኛ ወገን መድንንም እርሱት።

ሕጉ ላይ ብዙ አልቆይም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ጥፋት ለሚያደርሰው ጉዳት መንግሥትን ካሳ መጠየቅ ይቻላል ይላል። ቁጥር 2128 ይህንኑ ሕጋዊ ሰውነት ላላቸው የመንግሥት አገልግሎቶችና ለአስተዳደር ክፍሎችም ተፈጻሚ ያደርገዋል። መብቱ አለ ማለት ነው። ከማን ነው የሚጠየቀው? እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቢሮ የነበረችው ልጅ በጨዋ ደንብ ተቀበለችኝ። «ጋሼ፣ ይቀመጡ፤ ግን ይሄን መንገድ እኛ ገና አልተረከብነውም።» የሚመለከተው ቤቶቹን ያስገነባውን ክፍል ነው አለችኝ። እዚያ ስሄድ «እኛ ቤት ነው የሠራን፤ መንገዱን አስረክበናል» አሉኝ። መቼ? ለማን? «እሱ ፋይል ላይ ነው።» ፋይሉስ? ፋይሉን የያዘው ሰው ሥልጠና ላይ ነው። ሦስተኛው መሥሪያ ቤት ደግሞ «መውረጃው የእኛ ቢሆንም ክዳኑ የመንገዱ አካል ነው» አለ። እንዲህ ያለ ክፍፍል ከወዴት እንደመጣ እስካሁን አይገባኝም። አንዱማ ቦታው ወደ ሸገር ከተማ ሳይሻገር አይቀርም ብሎ በመስኮት ጣቱን ቀሰረልኝ። እኔ በክራንች ቆሜ ነው ይህን ሁሉ የምሰማው።

እያንዳንዳቸው የሚነግሩኝ አንድ ነገር ነበር፦ «በጽሑፍ አመልክቱና መልስ ጠብቁ፤ ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው።» አትስሟቸው። በቁጥር 2143 መሠረት ከውል ውጭ የሚጠየቅ ካሳ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ካልተከሰሰ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። ማህተም የተመታበት ማመልከቻ ይርጋ አያቋርጥም፤ ክስ ነው የሚያቋርጠው። መልስ እንድትጠብቁ የሚመክራችሁ መሥሪያ ቤት ነገ በነገረ ፈጁ በኩል «ጊዜው አልፏል» ብሎ የሚከራከረው ራሱ ነው።

ጠበቃዬ «ሁሉንም እንክሰሳቸው» ሲለኝ ነገር ፍለጋ መስሎኝ ነበር። ለካ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ካሳውን ከማን እንደሚያገኝ የሚጠራጠር ከሳሽ ተከሳሾችን አጣምሮ እንዲከስ ይፈቅዳል። ቁጥር 2142 ደግሞ ጉዳቱን ካደረሱት ሊሆኑ ከሚችሉ ሰዎች አንዱ መሆኑ እርግጥ ሆኖ ማንኛው እንደሆነ ካልታወቀ፣ ዳኛው ርትዕ ከመሰለው በአንድነት ሊያስከፍላቸው እንደሚችል ይናገራል። የዳኝነት ክፍያ የሚከብደው ሰው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል።

ሁሉም «አይመለከተኝም» የሚል መቃወሚያ አቀረቡ። ያኔ ችሎቱ የርክክቡ ሰነድ ይቅረብ ብሎ አዘዘ። ቀረበ። «ገና አልተረከብነውም» ያለው መሥሪያ ቤት እኔ ከመውደቄ ከዓመት በላይ አስቀድሞ ጊዜያዊ ርክክብ ፈርሟል። ያልተፈረመው የመጨረሻው ርክክብ ነው። ጊዜያዊውን ግን ችሎቱ እስኪያዝ ድረስ የትኛውም ባለሙያ አላነሳልኝም፤ ስጠይቃቸውም ሁሉም ያውቁት ነበር ብዬ ነው የማምነው። ሰነዱ ከእኔ ቤት በእግር ከሚደረስበት ቢሮ ነው የወጣው። በልመና ያላገኘሁትን ወረቀት የዳኛ ትእዛዝ አወጣው።

ካሳው ተቀናንሶ ነው የተፈረደው። ነገረ ፈጁ «ከሳሹ የሰፈሩ ሰው ስለሆነ ጉድጓዱን ያውቀዋል» ብሎ ተከራከረ፤ ተጎጂውም ጥፋት ካለበት ካሳው በከፊል ብቻ እንዲሆን ቁጥር 2098 ስለሚል የተወሰነ ተቀነሰብኝ። በዝናብ የተሞላ ጉድጓድ በጨለማ እንዴት እንደሚታወቅ ግን አላብራሩም። ከሥራ የቀረሁበት የተሰላውም በደረጃ ሐ ግብር ወረቀቴ ላይ ባለው ገቢ ነው እንጂ በእጄ በሚገባው አይደለም። ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው በቁጥር 2116 ከ1000 ብር አይበልጥም። በ1952 ዓ.ም. ገንዘብ ነበር፤ ለእኔ የክራንቹን ዋጋ እንኳን አልሸፈነም። ቢሆንም ጠይቁት፤ ያልተጠየቀ አይፈረድም።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ «በጀቱ ሊዘጋ ነው፤ ሐምሌ ሲገባ ይምጡ» ተባልኩ። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ በጀቱ አልተለቀቀም። የተከፈለኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን እንዲያስፈጽምልኝ የአፈጻጸም መዝገብ ካስከፈትኩ በኋላ ነው፤ እናንተ የፍርዱን ግልባጭ ባወጣችሁበት ሳምንት አስከፍቱ።