ልክ 2,500? የሕፃን ክብደት አመዛዘን ላይ እስካሁን ያገኘሁት

የማዋለጃ ክፍላችሁን መዝገብ ግለጡና የክብደቱን ዓምድ ብቻ ወደ ታች አንብቡት። 3,000፣ 2,500፣ 3,000፣ 3,500... የጎጃም ሕፃን ሁሉ ተነጋግሮ በሙሉ ቁጥር አይወለድም መቼስ! የኛን ጤና ጣቢያ መዝገብ እንዲህ ካየሁት ወዲህ አመዛዘኑን ነገሬ ብዬ ይዤዋለሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ፣ በተለይ ለአዋላጆች።

ከሁሉም የሚያስቸግረው 2,500 ነው። ዝቅተኛ የልደት ክብደት የሚባለው ከ2,500 ግራም በታች ያለው ነው፤ ልክ 2,500 የሆነው አይገባበትም። 2,460ን "ያው ነው" ብለን ካጠጋጋነው ልጁ ከዝርዝሩ ወጣ፤ የተለየ ክትትሉም አብሮ ቀረ። ችግሩ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዓለም አቀፍ ግምት የሚሠሩ ባለሙያዎች በዳሰሳ ጥናት ልክ 2,500 ተብለው ከተመዘገቡት ሩቡን ወደ ዝቅተኛ ክብደት ያዛውሩ ነበር። ምዝገባችንን አላመኑትም። እኔም አልፈርድባቸውም።

ቀጥሎ ብርዱ አለ። ደጋ ላይ ነን፤ ልጅ ራቁቱን ሚዛን ላይ ሲወጣ አያቶች አያስችላቸውም። "ሲስተር፣ ልጄን በብርድ እንዳታስመቺብኝ!" እውነታቸውን ነው፣ አራስ ልጅ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ግን ከነጋቢው መዝኖ "ለልብሱ ትንሽ እንቀንስ" ማለት ግምት ነው። እንደ ጄንታማይሲን ያለው መድኃኒት ደግሞ በኪሎ ነው የሚሰላው።

አሁን የማደርገው ይሄን ነው። ደረቅና ሞቅ ያለ ጨርቅ ሚዛኑ ላይ አነጥፍና ዜሮ አደርገዋለሁ። ልጁን አስተኝቼ የዚያኑ ጨርቅ ጫፍ መልሼ አለብሰዋለሁ። "ይኸው እማማ፣ ለብሷል፤ አይስጉ" ስላቸው ዝም ይላሉ። የጨርቁ ጫፍ ጠረጴዛውን እንዳይነካ እዩት፤ ከነካ ቁጥሩ ይዋሻል። ልጁ ሲወራጭ ቁጥሩ ይዘላል፣ እስኪረጋ መጠበቅ ነው። ከዚያ ሳላነሳው የመጨረሻዋን አሥር ግራም ሳይቀር ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ጓደኛዬ እዚያው ትጽፋለች። እልልታው ካለፈ በኋላ ከትውስታ የሚጻፍ ቁጥር ነው ክብ የሚሆነው።

ሰዓቱን በተመለከተ አንቸኩል። የመጀመሪያው ሰዓት የእናት ገላና የጡት ነው። ለነገ ማሳደርም አያዋጣም፤ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ አሥር በመቶ ክብደቱን ሊቀንስ ይችላል።

ሚዛኑን ጠዋት ጠዋት ባልተከፈተ የግሉኮስ ከረጢት እፈትነዋለሁ። ሁሌም ያው አንድ ከረጢት ነው። ከትናንቱ የተለየ ቁጥር ካሳየኝ የሚዛኑን እግሮችና ባትሪውን አያለሁ። የተረጋገጠ የኪሎ ብረት ያላችሁ ግን በሱ ፈትኑ፣ ከረጢቱ አይተካከለውም።

ያልተፈታልኝ የሚንጠለጠለው ባለ ሞላ ሚዛን ነው። የኛው መስመሮቹ በ100 ግራም ስለሚራራቁ መርፌው መሐል ላይ ሲቆም ዓይን ወደ ቀረበው መስመር ይጎተታል። መብራት ሲጠፋ በዚህ የምትሠሩ ካላችሁ፣ እንዴት ነው የምታነቡት?