የነጠላዬ ጭቃ

ዛሬ ዝም ብሎ ከፍቶኛል። ምክንያት የለውም። አለው እንኳ ብል፣ የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ፤ መድገሙ ሰለቸኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘኝ። ነሐሴ ነው፣ ያውም ቡሬ፣ ሌላ ምን ይጠበቃል? ቁልቁለቷ ላይ አዳለጠኝና ዘጭ! ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ቤት ገብቼ ግን አለቀስሁ። እማዬ የፈተለችው ነጠላዬ ግማሹ ቀይ ሆኗል። ሦስቴ በሳሙና አሸሁት። ውሃው ቀላ እንጂ ነጠላው አልነጣ አለ። የኛ አፈር አንዴ ከያዘ አይለቅም። (አንዳንድ ሰውም እንዲሁ ነው። ዝም ብያለሁ።)

ይህን አፈር ያቀላው ብረት ነው። በአጭሩ ዝገት። ሳፋው ላይ እንዳጎነበስሁ ሰሞኑን ኔትወርክ እየተቆራረጠ ያየሁት ቪዲዮ ትዝ አለኝ። ሳይንቲስቶች በመርከብ ሆነው ከባሕር ውሃ ውስጥ ብረት ይፈልጋሉ። ጂኦትሬሰስ የሚሉት ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የብዙ አገር መርከቦች ውቅያኖስ እያቋረጡ ብረት፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ካድሚየም ይለካሉ። ከወለል አንስቶ እስከ ታች ጥልቁ ድረስ።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። መርከቡ ራሱ ብረት ነው! በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ብዙ ቦታ የግራም ቢሊዮንኛው ጥቂት ወይም ጥቂት አሥር እጥፍ ብቻ ነው። ከመርከቡ አንዲት የዝገት ብናኝ ጠብ ብትል ልኬቱ ገደል ገባ። ለዚህ ነው እስከ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ አጋማሽ የተለካው አብዛኛው ቁጥር የባሕሩ ሳይሆን የመርከቡና የዕቃው ቆሻሻ የነበረው። አሁን የውሃ መቅጃው ጠርሙስ የሚወርድበት ገመድ ከብረት አይሠራም። ጠርሙሱ በአሲድ ደጋግሞ ይታጠባል። የወለሉን ውሃ ተዘግቶ ያልፍና ከታች ይከፈታል። ናሙናውም በፕላስቲክ በተሸፈነ ክፍል፣ በተጣራ አየር ውስጥ ይቀዳል።

እማዬ ይህን ብታይ አትገረምም። የጠላ ጋን ስታጥብ አይቻታለሁ። በግራዋ ታሸዋለች፣ ታለቀልቀዋለች፣ እንደገና በግራዋ፣ ከዚያ በወይራ ታጥነዋለች። በመሀል እጄን ካስገባሁ ከሀ ትጀምራለች። እሷን መርከብ ላይ ማሳፈር ነበር።

ለምን ይህን ያህል ይለፋሉ? በደቡብ ዋልታ ዙሪያ ያለው ውቅያኖስ የዕፅዋት ምግብ የሆኑት ናይትሬትና ፎስፌት ሞልተውታል፤ ግን የባሕሩ ሣር የሆኑት ደቃቅ ዕፅዋት የሚገባቸውን ያህል አይበቅሉም። ጆን ማርቲን የሚባል አሜሪካዊ የባሕር ሳይንቲስት ምክንያቱ የብረት እጥረት ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 በአንድ ንግግሩ «ግማሽ መርከብ ብረት ስጡኝና የበረዶ ዘመን እሰጣችኋለሁ» ብሎ ቀለደ። ዕፅዋቱ ሲበዙ ከአየር የመጣውን ካርቦን ይዘው ወደ ጥልቁ ይሰምጣሉ፣ ምድርም ትቀዘቅዛለች ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ጋላፓጎስ ደሴቶች አጠገብ ብረት ባሕሩ ላይ በትነው ሲሞክሩት ደቃቅ ዕፅዋቱ በዙ። ማርቲን ግን ከወራት በፊት ሞቶ ነበር። ይህችን ሳነብ ሆዴ ባባ። ዛሬ ለማልቀስ ሰበብ አላጣሁም።

እዚያ ብረት ብርቅ ነው። እዚህ ጫማዬ ላይ አንድ ኪሎ ይሆናል። የባሰው ደግሞ፣ በጎጃም ደጋ አሲዳማ በሆነው ቀይ መሬት ብረቱና አሉሚኒየሙ ፎስፈረሱን አንቀው ይይዙታል። ገበሬው በስንት መከራ የገዛውን ማዳበሪያ ሰብሉ ሳይቀምሰው መሬቱ ይውጠዋል። ኖራ ካልተጨመረ አይለቅም። ባሕሩ በብረት እጦት ይራባል፤ የኛ ጤፍ ብረት መሀል ቆሞ ይራባል።

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እያልን አደግን። ግንዱን ብቻ አየን። ከኛ የታጠበው አፈር ሜዲትራኒያን ዳር የግብፅ አሣ አጥማጆችን ሲያበላ ኖሯል። አስዋን ላይ ትልቁ ግድብ ጎርፉን ሲያስቀር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሰርዲኑ ክፉኛ ቀነሰ። ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ አሣው መልሶ በዛ፤ ብዙዎች እንደሚሉት ያበላው ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ ነው። የኛን አፈር ቦታ ሽንት ቤት ተካው። ልኮራ ወይስ ልናደድ?

እማዬ ደወለች። ስለ ባሕሩ ልነግራት ጀመርሁ።

«ነጠላውን ምን አደረግሽው?» አለች።

«አልለቅ አለ።»

«ሎሚ እሽበት እንጅ ልጀ! ዝገት በሎሚ አይደል የሚለቅ?»

ዝም አልሁ። መርከቡ ላይም ብረቱ ጠርሙሱ ላይ እንዳይጣበቅ ናሙናው ውስጥ አሲድ ይጨምሩበታል። ያን ሁሉ ሳወራ ሎሚ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም።

የሳፋውን ቀይ ውሃ ደጅ ቦዩ ውስጥ ደፋሁት። ከቦዩ ወደ ፈጣም፣ ከፈጣም ወደ አባይ። መቼም አፈሩ አብዛኛው ከህዳሴው ግድብ አያልፍም።

ቤት ውስጥ ሎሚ የለም፣ ሱቁ ተዘግቷል፣ ዝናቡም አላባራም። ነገ የክርስትና እናት ነኝ። ምን ለብሼ ልሂድ?