ወንጭፌን ለጥሻ እንዲመች አድርጌ ያሳጠርኩት እንዲህ ነው

ብር ወንዝ ዳር በቆሎ የሚዘራ ሰው ጎረቤቱ ዝንጀሮ ነው። በምዕራብ ጎጃም፣ በጃቢ ጠህናን ወረዳ በኩል ያለው ማሳችን አጋምና ቀጋ ከተቆላለፉበት ጥሻ ጋር ይዋሰናል። በቆሎው እሸት ሲይዝ መንጋው ጠዋት ጤዛ ሳይረግፍ ይመጣል፤ ከቀትር በኋላም ይመለሳል። ሌሊቱ የጃርትና የከርከሮ ነው፤ ቀኑ ግን የዝንጀሮ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቀን ላይ የሚጠብቅ ሰው አይታጣም።

ከማማ ላይ ሆኖ ለሚወረውር ረጅም ወንጭፍ ወደር የለውም። ራስ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሮ ሲለቁት ድንጋዩ የማሳውን ወዲያኛ ጫፍ ይሻገራል። ችግሩ መንጋው የሚገባው ማማው በሚያየው በኩል አለመሆኑ ነው። እኛ የምንዘራው ቢኤች 660 የተባለ የበቆሎ ዝርያ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ ጥሻው ደግሞ እስከ ማሳው ጠርዝ ድረስ ይደርሳል። ዝንጀሮ በዚያ ከለላ ገብቶ አገዳ ሲሰብር ድምፁ ይሰማል እንጂ አይታይም። ያን ጊዜ ወርዶ ወደ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። እዚያ ውስጥ ግን ረጅሙ ወንጭፍ ገና አንድ ዙር ሳይሞላ አገዳና ቅርንጫፍ ላይ ይጠመጠማል።

የአገሬ ሰው ጠመንጃ ይወዳል፤ ምክሩም በአብዛኛው ወደዚያው ያደላል። ጥሻ ውስጥ ረጅም አፈሙዝ ያስቸግራል፣ ይቆረጥ የሚልም አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን መከልከሉ አንድ ነገር ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን በቆሎ ጥይትን አለማቆሙ ነው፤ ከማሳው ባሻገር ወንዙ ዳር ከብት የሚጠብቁ ልጆች አሉ። ደግሞም የምፈልገው መንጋው ሳይገባ እንዲመለስ እንጂ እንዲሞት አይደለም። ስለዚህ ያሳጠርኩት ወንጭፉን ነው።

መጀመሪያ የወሰንኩት ርዝመቱን ነው። በመስመር የተዘራ በቆሎ በመስመሮቹ መካከል አብዛኛውን ጊዜ 75 ሳንቲ ሜትር ክፍተት አለው። በዚያ ክፍተት ራስ ላይ ማዞር አይቻልም፤ ከጎን በኩል ግን እጅን አንጠልጥሎ ከኋላ ወደ ፊት፣ ከታች ወደ ላይ መወርወር ይቻላል። ለዚህ የሚሆን ወንጭፍ ድንጋዩን ይዞ ሲንጠለጠል መሬት መንካት የለበትም። የእኔ እጅ ተንጠልጥሎ ከመሬት ያለው ርቀት 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ታጥፎ 90 ሳንቲ ሜትር የነበረውን ወንጭፍ ወደ 50 አወረድኩት። አረምና ጉቶ ካለ 20 ሳንቲ ሜትር ትርፍ አይበዛም።

ኃይሉ ይቀንሳል? አዎ፣ ይቀንሳል። በእኩል ፍጥነት ከተሽከረከረ ድንጋዩ የሚወጣበት ፍጥነት የሚወሰነው ከመዞሪያው መሀል ባለው ርዝመት ነው፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲወርድ ደግሞ ርቀቱ ወደ ሩብ ይጠጋል። ነገር ግን የሚዞረው ገመዱ ብቻ አይደለም፤ ክንድም አብሮ ይዞራል። ክንድ ሲጨመርበት የጠፋው ርዝመት ከሚታሰበው ያነሰ ነው፤ አጭር ወንጭፍ ደግሞ ፈጥኖ ይዞራል። ጥሻ ውስጥ ደግሞ ዝንጀሮው ያለው ቅርብ ነው። ሩቅ መወርወር ሳይሆን ፈጥኖ መልቀቅ ነው የሚያስፈልገው፤ አንድ ጊዜ አወዛውዞ መልቀቅ።

አቆራረጡ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የተጎነጎነ ገመድ ከተቆረጠ ይፈታል፤ ስለዚህ የሚቆረጠውን ቦታ በሁለቱም ወገን በክር አጥብቄ አስሬ ነው መሀሉን የቆረጥኩት። የቀነስኩት ከድንጋዩ መቀመጫ በኩል አይደለም፤ ከእጅ በኩል ነው፤ መቀመጫው ከገመዱ ጋር የተያያዘበት ቦታ አንዴ ከተነካ እንደገና ማስተካከል አድካሚ ነው። ሁለቱ ገመዶች እኩል መሆን ያለባቸው መሬት ላይ ተዘርግተው ሳይሆን እጅ ውስጥ ነው። በአንዱ ጫፍ የመሀል ጣት የሚገባበት ቀለበት አለ፤ በሌላው አውራ ጣትና ሌባ ጣት የሚይዙት ቋጠሮ። ቀለበቱ የሚበላው ርዝመት ስላለ፣ ድንጋይ ጨምሬበት፣ እንደምወረውር ይዤው፣ መቀመጫው ወደ አንድ ጎን አለማዘንበሉን ካየሁ በኋላ ነው ቋጠሮውን ያጠበቅኩት። ያዘነበለ ወንጭፍ ድንጋዩን ያለጊዜው ይጥላል፤ የሚጥለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው።

መቀመጫውንም አጠበብኩት። የቀድሞው ለትልቅ ድንጋይ የተሠራ ሰፊ የፍየል ቆዳ ነበር። በአጭር ወንጭፍ ላይ ሰፊ መቀመጫ ድንጋዩን አቅፎ ያዘገየዋል፤ የዘገየ ድንጋይም ወደ ሰማይ ይወጣል። ቆዳውን በሞራ አሽቼ አለሰለስኩት፤ መሀሉን በትንሹ ሰነጠቅኩት፤ አሁን ድቡልቡል ድንጋይ ሲገባ ቆዳው ግራና ቀኝ ይዞ ያቅፈዋል።

ስለ ገመዱ የተማርኩት ነገር ከሁሉ ይበልጥብኛል። ጥበቃው ዝናብ ካለበት ወቅት ጋር ይገጥማል፤ ጠፍር ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ቃጫም ሲረጥብና ሲደርቅ ርዝመቱ ይለዋወጣል። በረጅም ወንጭፍ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ልዩነት አይታወቅም፤ በአጭሩ ላይ ግን አቅጣጫውን ያበላሻል። አንድ የጎረቤት ሽማግሌ ሥራዬን ሲያዩ ቆይተው «የማዳበሪያ ኬሻ ፈተህ ጎንጉነው፤ ውኃ አይገባውም» አሉኝ። «እርሰዎም በዚህ ነው የሚጠብቁ?» ስላቸው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። የኬሻው ክር በእርግጥም ውኃ አይጠጣም፤ ዝናብ ውሎበትም ርዝመቱ ያው ነው። ጉድለቱ ማንሸራተቱ ነው፤ ቋጠሮው ይፈታል። ጫፉን በእሳት አቅልጬ፣ ቋጠሮውን ደርቤ፣ መያዣው ላይ ቃጫ ጠመጠምኩበት። ቃጫው እጅ ላይ ይቆነጥጣል፤ ስለዚህ በረጠበ ጣትም አያመልጥም።

ድንጋዩን በተመለከተ መጽሐፈ ሳሙኤል ዳዊት ከወንዝ አምስት ድቡልቡል ድንጋዮች መረጠ ይላል። እረኛ የሆነ ሰው ለምን እንደመረጠ ይገባዋል፤ የተዛባ ድንጋይ በአየር ላይ ይጣመማል፣ ክብደቱ የተለያየ ድንጋይ ደግሞ እጅን ያሳስተዋል። ቢሆንም ማሳ ውስጥ የወደቀ ድንጋይ በኋላ ማረሻ ያደንዛል። እኔ አሁን የምይዘው የጭቃ ድብልብል ነው፤ እንቁላል የሚያክል፣ ምድጃ ዳር የደረቀ። አገዳ ሲመታ ይፈረካከሳል፤ ጩኸቱም ለዝንጀሮ በቂ ነው።

አወራወሩን መልመድ ጊዜ ይወስዳል፤ በተለይ ከታች ወደ ላይ ሲለቀቅ። ባዶ ማሳ ላይ፣ ከኋላ ሰው በሌለበት መለማመድ ይሻላል። በመስመር መካከል ሲወረወር ድንጋዩ የሚሄደው መስመሩን ተከትሎ ስለሆነ፣ የመስመሩ ጫፍ ላይ ማን እንዳለ ሳያውቁ መልቀቅ ነውር ነው። እኔ ከመግባቴ በፊት ማማ ላይ ያለውን ወንድሜን እጣራለሁ፤ እሱ ወዲያ ማዶ ያሉትን እረኞች አይቶ ይመልስልኛል።

ረጅሙን ወንጭፍ አልጣልኩትም። ወንድሜ ማማ ላይ በእሱ ይጠብቃል፤ ጅራፍም ያጮሃል። መንጋው ጅራፉን ሰምቶ ወደ ጥሻው ሲያፈገፍግ እኔ በአጭሩ ወንጭፍ ከጎን እጠብቀዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም አንዲት የጭቃ ድብልብል ቅጠሉ ላይ ስትፈነዳ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ቀለበቱ በጣት ስለሚፋቅ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው፤ በየዓመቱ ከመኸር በፊት አዲስ እቀይርለታለሁ።